ቺፑን የገደለው ግለት ብቻ አልነበረም

ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ለጥገና የመጣ አሮጌ ላፕቶፕ ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሳይቶ ጭራሹን ከጨለመ፣ ጥርጣሬው ቀድሞ የሚያርፈው ግራፊክስ ቺፑ ላይ ነው። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው። «ግሎ ተቃጠለ» ይባላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ እንደሆነ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ጁላይ 2 ቀን የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚይዝ አስታወቀ። ምክንያቱን በአጭሩ ገለጸ፦ ቀደም ሲል ለላፕቶፕ በሠራቸው አንዳንድ ቺፖች ማሸጊያ ላይ የዋለው ቁስ ደካማ ነው። የትኞቹ ቺፖች እንደሆኑ ግን አልዘረዘረም።

ፍንጩ ከዴል መጣ። በዚያው ወር ማራገቢያውን አስቀድሞ የሚያስነሳ የባዮስ ማሻሻያ ሲለቅ፣ ብልሽቱን ያያያዘው ከሙቀት መዋዠቅ ጋር ነበር። ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ከሲሊከኑ ሥር ያለው ሰሌዳ ሲሞቅ ከሲሊከኑ አምስት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሁለቱን የሚያያይዙት የብየዳ ጉብታዎች መለጠጡንም መሰብሰቡንም ይሸከማሉ፤ ወዲያና ወዲህ እንደሚታጠፍ ሽቦም ይደክማሉ። ዘ ኢንኳየረር በተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ ላይ ነገሩን የተከታተለው ቻርሊ ዴመርጂያን እንዳብራራው፣ ጉብታዎቹ በአብዛኛው እርሳስ ነበሩ፤ ጫናውን እንዲጋራ በመካከላቸው የፈሰሰው ሙጫ ደግሞ ቺፑ በሥራ ላይ ሳለ በሚደርስበት ሙቀት ይለሰልሳል። በኦክቶበር አፕልም የኤንቪዲያው ጂፎርስ 8600ኤም ጂቲ ቺፕ ያለባቸውን ማክቡክ ፕሮዎች በነፃ እንደሚጠግን አስታወቀ።

ታዲያ ቦርዱን ምድጃ ውስጥ አስገብተው፣ ወይም ቺፑን በሙቅ አየር አግለው «አዳንኩት» ያሉት ሰዎችስ? ማሽኑ በእርግጥ ይነሳል። ነገር ግን ብዙ እርሳስ ያለበት ጉብታ ለመቅለጥ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ ምድጃው እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የተሰነጠቀው ጉብታ አልተበየደም፤ ሙቀቱ ክፍሎቹን ገፍቶ ለጊዜው አነካካቸው እንጂ። መስመሮቹ ተመልሰው የሚመጡት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን «ተጠግኗል» ብሎ መሸጥ ገዢውን መጉዳት ነው።

ዌስትላንድስ ሌላም ነገር ይጨምራል፦ ከፍታ። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከሞምባሳው ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ20 በመቶ በላይ። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ጠርጎ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ አቧራ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሙቀት ማስወጫውን ክንፎች መጥረግ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት መቀየር፣ ማራገቢያው ቺፑ ሳይግል እንዲነሳ ማድረግ፣ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አለመጠቀም። መስመሮቹ አንዴ ከታዩ ግን ከሁሉም በፊት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ያውም በዚያው ዕለት።