ስለ ሴቶች ልጆቻችን ክትባትና ስለ ረቂቁ ጽሕፈት

በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሆናቸው ሴቶች ልጆች የማኅፀን በር ነቀርሳን የሚከላከል ክትባት በመላው ኢትዮጵያ መሰጠት በጀመረ ጊዜ፥ የኔም ልጅ በዚያው ዕድሜ ላይ ነበረች። በዱከም እመት ብለን የምናከብራቸው ጎረቤታችን ወሬውን ሰምተው ወደ ቤታችን መጡና፥ «ጸሐፊ፥ መርፌው መካን ያደርጋል ይላሉ፤ አንድ ልጅዎን ምን አስቸኮለዎ?» አሉኝ። ባለቤቴም ይህን ሰምታ ፊቷ ጠቆረ። እኔ ግን በምሠራበት ፍርድ ቤት ማስረጃ ሳይመረመር ፍርድ አይቆረጥምና፥ ሐኪም ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም መረመርሁ።

ይህን ነቀርሳ የሚያመጣው ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ጀርመናዊው ሐኪም ሐራልድ ዙር ሐውዘን ከባልደረቦቻቸው ጋራ 16ኛውን ዓይነት በነቀርሳው ውስጥ አገኙ፤ ስለዚህም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። የቫይረሱ ዲ ኤን ኤ፥ ማለት የትውልዱ ጽሕፈት፥ 8 ሺህ ያህል ፊደል ብቻ ያለው እንደ ቀለበት የተጋጠመ ድርብ ክር ነው። ቫይረሱ እንዲበዛ ይህ ጽሕፈት መገልበጥ አለበት፤ ነገር ግን የራሱ ቁም ጸሐፊ የለውም፤ የሚገለብጥለት የሰው ሴል ነው።

ታዲያ ግልበጣው ከየት ይጀመራል? ኢ2 የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ጥንድ ሆኖ በክሩ ላይ የታወቀውን የፊደላት ምልክት ፈልጎ ይይዛል። ምልክቱ ከሁለቱም ጫፍ የተመሳሰለ ስለ ሆነ ጥንዱ እንደ ሁለት እጅ ከግራና ከቀኝ ይጨብጠዋል። ከዚያም ኢ1 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ወደ መጀመሪያው ስፍራ ያመጣል፤ ኢ1 ብቻውን ቢመጣ ስፍራውን አጥርቶ አይለይምና። ኢ1ም ስድስት ስድስት እየሆነ ሁለት ቀለበት ሠርቶ ክሩን ይከብባል፤ ድርቡንም ይፈታል። የሴሉ ገልባጮች የሚገቡት ያን ጊዜ ነው። በመዝገብ ቤታችንም ገጹን የሚያገኝና ማሰሪያውን የሚፈታ ካልተገኘ ገልባጩ ብዕሩን ይዞ ይቀመጣል።

የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ኢ2 መሪ ብቻ ሳይሆን ልጓምም ነው። አብዛኛው ልክፈት በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ በጥቂቶች ግን ሰንብቶ፥ የቫይረሱ ቀለበት ተሰብሮ ከሰው ዲ ኤን ኤ ጋራ ይቀጠላል። ስብራቱ በኢ2 ላይ ሲሆን ኢ6ና ኢ7 የሚባሉት ፕሮቲኖች ከልካይ ያጣሉ፤ ሴሉም ያለ ልክ ይበዛል። ነቀርሳው የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ክትባቱ የተሠራው ከቫይረሱ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው። በውስጡ ጽሕፈት የለም፤ ስለዚህ የሚገለበጥ ነገር የለም፤ መካንም አያደርግም። ይህን ለእመት ባስረዳቸው፥ «እንግዲያስ ባዶ ቀፎ ነው በሉኛ!» አሉ። ልጄም በማግሥቱ በትምህርት ቤቷ ተከተበች።

ክትባቱ አስቀድሞ የያዘውን አያድንምና፥ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት ሴቶች መመርመር ይገባቸዋል። የጤና ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ ስትቀባው የተበላሸው ስፍራ ይነጣል፤ በጊዜ ከተገኘም በብርድ ወይም በሙቀት ይታከማል። እመት ይህን በሰሙ በሳምንቱ የ38 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ።