«አልውጥም» ላለ ሕመምተኛ ዳኛው ምን ይላል?

በመኝታ ቤታችን በዚህ ሰሞን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አእምሮው የታወከ ሰው «መድኃኒቱን አልውጥም፤ መርፌም አልወጋም» ያለ እንደ ሆነ ፍርድ ቤት ሊያስገድደው ይችላልን? ግማሾቻችን «እንዴታ! ለራሱ ደኅንነት አይደለምን?» አልን፤ ግማሾቻችንም «ሰው በገዛ አካሉ ራሱ ያዝዛል» ብለን ቆምን። ከሁላችን ሕጉን ገልጦ ያየ አንድ ስንኳ አልነበረም። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ሰዎች በመሆናችን ይቅር እንባል ይሆናል፤ ከመካከላችን የነበሩት ሁለት የሕግ ተማሪዎችም ከእኛ የተሻሉ ስላልነበሩ ሕጉን ተበድረን አነበብነው። ያገኘነውን እነሆ።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንያዝ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በተመረቀው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ትሠራለች እንበል። ከባሌ ገጠር መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እንቅልፍ አጣች፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማ ጀመር፤ ምግቡ ተመርዟል ብላ መብላት ተወች። ጓደኞቿ በባጃጅ ጭነው ሐኪም ዘንድ አደረሷት። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝላት «አልታመምሁም፤ አልወስድም» አለች። እንግዲህ ምን ይደረግ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ላይ፣ ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ ሕክምናን ወይም የሐኪም ምርመራን እንቢ ለማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እዚህ ላይ «በገዛ አካሉ ያዝዛል» ያልነው ወገኖች ደስ አለን። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም፤ ቁጥሩ ሁለት በሮች ከፍቷል። አንደኛው እንደ ክትባት ያለ ለሕዝብ ጥቅም የሚደረግ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ለእኛ ነገር ዋናው ነው፤ ይኸውም አሳዳሪ ለአካለ መጠን ያላደረሰውን ልጅ ወይም በፍርድ የተከለከለውን ሰው ለጤናው የሚጠቅም ሕክምና እንዲቀበል ለማድረግ ያለው ሥልጣን እንደ ተጠበቀ ነው።

ስለዚህ መንገዱ «በፍርድ መከልከል» የሚባለው ነው። በቁጥር 351 መሠረት ዳኞች ለሰውየው ጤና ወይም ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኙት ይከለክሉታል። ልብ በሉ፤ ዳኛው የሚጠየቀው ስለ መድኃኒቱ አይደለም። የሚጠየቀው ሰውየው በራሱ ጉዳይ ለማዘዝ ይችላል ወይስ አይችልም ተብሎ ነው። «አይችልም» ካለ ሌላው ሁሉ ለአሳዳሪው ይተዋል። የትኛው መድኃኒት? ስንት ጊዜ? እስከ መቼ? ስለዚህ ሁሉ ከፍርዱ ላይ አንዲት ቃል አትገኝም። አንድ ሰው መርፌ እንዳይወጋ ለመከራከር መጀመሪያ ቤቱንና ገንዘቡን የማስተዳደር ችሎታውን ጭምር መከራከር አለበት ማለት ነው። ይህ ለእኛ ዝንብ ለመግደል ጣራ እንደ ማፍረስ ሆኖ ታየን።

«ሕመምተኛ ለምን እንቢ ይላል?» ብሎ መጠየቅም ይገባል። አንዳንዱ እንቢታ የበሽታው ራሱ ድምፅ ነው፤ ልጅቱ ምግቡ ተመርዟል ስትል ክኒኑንም የምታየው እንዲሁ ነው። ሌላው እንቢታ ግን ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ለአእምሮ ሕመም የዋለው ክሎርፕሮማዚን እንቅልፍ ያበዛል፣ አፍ ያደርቃል። ሃሎፔሪዶልና በየጥቂት ሳምንቱ የሚወጋው ፍሉፌናዚን እጅ ሊያንቀጠቅጡ፣ ጡንቻ ሊያግሩ፣ አላስቀምጥ ሊሉ ይችላሉ። በስፌት መኪና ለምትተዳደር ሴት የእጅ መንቀጥቀጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ሐኪሙ መጠኑን ቢቀንስ ወይም ማርከሻ ቢጨምር እሺ ልትል ትችላለች። ሁለቱን እንቢታዎች ለይቶ የሚጠይቅ ግን ከሕጉ ውስጥ አላገኘንም።

አሁን ወደሚያስደንቀው ደረስን። በቁጥር 342 ሕጉ ከ2,000 ያነሰ ሕዝብ ባለበት የገጠር ቀበሌ ስለሚኖር ሕመምተኛ ይናገራል። ቤተ ሰቦቹ ወይም አብረውት የሚኖሩት ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ያደረጉት እንደ ሆነ፣ እብደቱ በግልጽ የታወቀ ነው ይላል። በሌላ አነጋገር፣ ገመዱ ራሱ ማስረጃ ሆነ! «ማን አሰረው? በምን ሥልጣን? ስንት ዓመት?» የሚል ጥያቄ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ቤተ ሰብን ለመውቀስ አንቸኩልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ዘመዶች ሕመምተኛውን የሚያስሩት ከጭካኔ ሳይሆን ሌላ መላ ሲያጡ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ሲሉ ነው። በዚህች አገር ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል አንድ ብቻውን እንደ ነበረ ስናስብ፣ ከባሌ ወይም ከአርሲ ሕመምተኛ ይዞ የሚነሣ አባት ገመድ ቢይዝ ምን ይደንቃል?

በወንጀል በኩል ሌላ ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 129 እስከ 132 እንደሚለው፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ኀላፊነት የሌለው ሰው ወንጀል ሲፈጽም ፍርድ ቤቱ አስተያየት ከባለሙያ ተቀብሎ በተገቢ ቦታ እንዲጠበቅ ወይም እንዲታከም ያዛል። ጊዜው አስቀድሞ ባይወሰንም ትእዛዙ በየ2 ዓመቱ እንደ ገና ይመረመራል። እንግዲህ ድንጋይ ወርውሮ የሰው ጭንቅላት የፈነከተው ሕመምተኛ ዳኛ አለው፣ ባለሙያ አለው፣ የክለሳ ቀጠሮ አለው። ማንንም ያልነካችው ልብስ ሰፊ ያላት ግን እግሯን የሚይዝላት ጓደኛና ፈቃድ የሚሰጥላት ዘመድ ነው። ከክርክራችን ሁሉ ዝም ያሰኘን ይህ ነበር።

ሌሎች አገሮች ጥያቄውን በየራሳቸው መልሰዋል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983፣ አእምሮው ሳይታወክ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ምን ይመርጥ ነበር ብሎ ዳኛው ስለ ሕክምናው ራሱ እንዲወስን አደረገ። በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ነገሩን ለዳኛ አልሰጠም፤ በሆስፒታል ተይዞ ከሦስት ወር በኋላም እንቢ ያለ እንደ ሆነ ሌላ ገለልተኛ ሐኪም መጥቶ እንዲያየው አዘዘ። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሰው በሰው ፈንታ የሚወስንበት አሠራር ሁሉ ቀርቶ ሕመምተኛው ራሱ እንዲወስን ይረዳ አለ፤ ብዙ ሐኪሞችም ይህ ከልክ ያለፈ ነው ብለው ተቃወሙ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል መሆኑንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ይናገራል። ይህ ከቁጥር 20 ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን እናነባለን።

የእኛ አሳብ ከማሳቹሴትስ ይጠጋል፤ ዳኛው ሰውየውን በሙሉ ከመከልከል ይልቅ ስለ አንዱ መድኃኒት፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ሕመምተኛውን ሰምቶ ቢፈርድ ይሻላል እንላለን። ከመካከላችን ሁለቱ አሁንም አልተስማሙም፤ «ዳኛው ቀጠሮ ሲሰጥ ልጅቱ በረኀብ ትሞታለች» ይላሉ። የሚናቅ መልስ አይደለም።

ወደ አዳማዋ ልጅ እንመለስ። በፍርድ ይከልከልልን ብለው ለመጠየቅ የሚችሉትን ሕጉ በቁጥር 353 ይዘረዝራል፦ ባል ወይም ሚስት፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ እንዲሁም ሕመምተኛው ራሱ። አብረዋት ያደሩት ሦስቱ ጓደኞቿ በዝርዝሩ የሉም። ወላጆቿ ባሌ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ ስለ እርሷ የሰማው ነገር የለም። ከተዘረዘሩት ውስጥ በዚያች ክፍል የምትገኘው «አልታመምሁም» የምትለው ልጅ ብቻ ናት።