ከሌሊቱ 10 ሰዓት፦ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ጤናና የጊዜ ፊዚክስ

የድንገተኛ ሕክምና ክፍል በር አይዘጋም። በዓል ቢሆን፣ ዝናብ ቢጥል፣ መብራት ቢጠፋ፣ ከበሩ ወዲያ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ግድ ነው። ይህ ሰው ግን እንደማንኛችንም የሚርበው፣ የሚደክመውና እንቅልፍ የሚጥለው ፍጡር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በእርሱ ላይ ነው፤ በበሽተኛው ሳይሆን በሐኪሙ፣ በነርሷና በአምቡላንስ ባለሙያው። የፊዚክስ መምህር በሕክምና ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ የዚህን ሙያ ሰዎች ጤና ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ሦስቱ፣ ማለትም ብርሃን፣ ጊዜና ወረፋ፣ ከእኛ ቤት የራቁ አይደሉም።

ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ጽናት ነው። ሠላሳ ስድስት ሰዓት ሳይተኛ የሠራ ሬዚደንት ይደነቃል፤ አዳዲሶቹም እርሱን ለመምሰል ይጥራሉ። ጽናት የተከበረ ባሕርይ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ብረት እንኳ ከተወሰነ ጫና በላይ ከተጎተተ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም፤ ይህም ብረቱ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የሰው አንጎልም የራሱ ወሰን አለው፤ ወሰኑም በሚገባ ተለክቷል። በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት ጤናማና ጠቃሚ ሆኖ መቆየት የሚቻለው ወሰኑን በመናቅ ሳይሆን የሥራውን መርሐ ግብር በወሰኑ ልክ በመስፋት ነው ብለን እናምናለን።

በውስጣችን ያለው ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1729 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዠን ዣክ ደ ሜራን ቅጠሎቿን ቀን ቀን የምትዘረጋ፣ ማታ ማታ የምታጥፍ አንዲት ተክል ወስዶ ጨለማ ውስጥ አስቀመጠ። ተክሏ ፀሐይ ባታይም በየዕለቱ መዘርጋቷንና መታጠፏን ቀጠለች። ሕያዋን ፍጥረታት በውስጣቸው ሰዓት ይዘው ይዞራሉ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ሙከራ ጀምሮ ሥር እየሰደደ ሄደ፤ የሰዓቱን ሞለኪውላዊ አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ያጠኑት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግም እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በሰው ዘንድ ዋናው ሰዓት የሚገኘው አንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ከፍ ብሎ ሲሆን፣ 20,000 በሚያህሉ የነርቭ ሴሎች የተገነባ ነው። ብቻውን ቢተው ዑደቱ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል።

ብቻውን ግን አይተውም። ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ሀይገንስ እ.ኤ.አ. በ1665 ታሞ በተኛበት ክፍል ከአንድ ተሸካሚ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውዝዋዜያቸው እንደሚገጣጠም አስተዋለ። እጅግ ደካማ የሆነ ንቅናቄ በእንጨቱ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ያስማማቸው ነበር። ፀሐይም የውስጥ ሰዓታችንን የምታስማማው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ክራር መቺ ክሩን በየጊዜው እንደሚቃኝ ሁሉ በየጠዋቱ ትቃኘዋለች። ይህን ምልክት የሚቀበሉት ከማየት ሥራ ይልቅ ብርሃን ለመለካት የተዘጋጁ ልዩ የዓይን ሴሎች ሲሆኑ፣ ይበልጥ የሚነቁት 480 ናኖ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ላለው ሰማያዊ ብርሃን ነው።

አሁን ወደ ሌሊት ተረኛው እንመለስ። በሥራ ክፍሉ ያለው ብርሃን ጥቂት መቶ ሉክስ ነው። በማግስቱ ሲወጣ የሚቀበለው የፀሐይ ብርሃን ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይማ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ስለዚህ ባለሙያው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ቢያድርም የውስጥ ሰዓቱ የሚያምነው ፀሐይን ነው። በእኛ አገር ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ውስጥ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ከሰሜን አውሮፓ የክረምት ጠዋት በተለየ መልኩ ተረኛው በጨለማ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ወቅት የለም። (በነገራችን ላይ፣ ቀንን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥረው የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት ከሚጀምረው ይልቅ ለሥነ ሕይወታዊው ሰዓት የቀረበ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።)

አደገኛዋ ሰዓት

ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ እንቅልፍን ይጠራሉ። አንደኛው ከነቃንበት ጊዜ ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚሄደው የእንቅልፍ ግፊት ነው፤ ሁለተኛው የውስጥ ሰዓቱ ነው። ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ ይላል፤ ትላንት ጠዋት ለነቃ ሰው የእንቅልፉ ግፊትም በዚያው ሰዓት ከፍ ብሏል። ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት የቤተ ሙከራውን መሣሪያ ሌሊት የምንጠብቀው በተራ ነበር፤ የመመዝገቢያ ደብተሩን የሚያገላብጥ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት የደረሰውን ገጽ ሰዓቱን ሳያነብ ከእጅ ጽሑፉ ብቻ ይለየው ነበር።

ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ያወጡት ውጤት ይህን በቁጥር ያስቀምጣል። ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። 0.05 በመቶ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የመጨረሻ መጠን ነው። ጠጥቶ ወደ ሥራ የገባ ሐኪም ቢገኝ ሁላችንም እንጮሃለን። ሳይተኛ ያደረውን ግን እናመሰግነዋለን።

ታዲያ ተረኛው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ ይተኛ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ 49 ሐኪሞችንና ነርሶችን በሁለት ከፍሎ፣ ለከፊሎቹ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የ40 ደቂቃ መኝታ ፈቀደላቸው። የተኙት ጠዋት ላይ የትኩረት መቋረጥ ያነሰባቸው ሲሆን ድካማቸውም ቀንሶ ተገኘ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ እንደ ነቁ ወዲያውኑ ሲፈተኑ የማስታወስ ችሎታቸው ለጊዜው ካልተኙት ያነሰ ነበር። ስለዚህ ከአልጋ የተነሣ ሰው ለሕይወት አስጊ የሆነ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ሊታገሡት፣ አለዚያም ባልደረባው አጠገቡ ሊቆም ይገባል።

ቡናን በተመለከተ እንደ ኢትዮጵያዊ ክፉ ለመናገር ያዳግተናል። ካፌይን የእንቅልፍን ግፊት አያጠፋውም፤ ግፊቱን ለአንጎል የሚያበስረው አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ግማሽ ዕድሜው 5 ሰዓት ያህል ስለሆነ ስሌቱ ለፊዚክስ ተማሪ ቀላል ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰደ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ማለትም አልጋው ላይ ጋደም በሚልበት ጊዜ፣ 100 ሚሊ ግራሙ ገና በደሙ ውስጥ ነው። አቦሉ ተራው ሲጀመር ይጠጣ፤ በረካው ግን ይቅር።

ጠዋት ወደ ቤት ሲሄዱ ጥቁር መነጽር ማድረግ፣ የመኝታ ክፍሉን በወፍራም መጋረጃ ማጨለም፣ ስልክን ማጥፋት የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ከመንደር ጫጫታ ጋር የሚደረገው ትግል የከፋ መሆኑን እናውቃለን፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ለሚኖር ነርስ የጆሮ መድፈኛ እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነው። መኪና የሚያሽከረክር ደግሞ ሌላ ሥጋት አለበት። በአሜሪካ በኢንተርን ሐኪሞች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ከረጅም ተረኝነት በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ የመኪና ግጭት የሚገጥማቸው ዕድል 2.3 እጥፍ ከፍ ብሏል።

ሰዓት ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ተማሪ በኒው ዮርክ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያከሟት በሥልጠና ላይ የነበሩና ረጅም ሰዓት የሚሠሩ ወጣት ሐኪሞች ነበሩ። የሞቷ ምክንያት ለዓመታት አከራክሯል። ጉዳዩን የመረመረው የሕዝብ ጉባኤ ግን ግለሰቦቹን በወንጀል ከመክሰስ ይልቅ የሥልጠናውን ሥርዓት ነቀፈ፤ የኒው ዮርክ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1989 የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ወሰነው። አገሪቱ በሙሉ ይህን የተከተለችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በማግስቱ ዓመት ከቦስተን የወጣ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርኖች በተለመደው ረጅም ተራ፣ ከአጭሩ ተራ ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስሕተት እንደሚፈጽሙ አሳየ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መደምደሚያው ቀላል በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ያው የምርምር ቡድን የተሳተፈበትና በ6 የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተካሄደ ሰፊ ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት ይዞ መጣ፤ ተራው ባጠረባቸው ወራት ከባድ ስሕተት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ምክንያቱ ሲፈለግ ሰዓቱ ሲቀንስ የሰው ኃይሉ በዚያው ልክ አለመጨመሩ ታወቀ። አንድ ሬዚደንት የሚከታተላቸው ሕሙማን በአማካይ ከ6.7 ወደ 8.8 ከፍ ብለው ነበር። በአንድ በኩል የተገኘው እንቅልፍ በሌላ በኩል በጫና ተከፍሎበታል ማለት ነው።

ጫና ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። ዴንማርካዊው ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ለኮፐንሃገን የስልክ አገልግሎት ያወጣው የወረፋ ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ ሰዎች በዘፈቀደ የሚመጡበት አንድ አገልግሎት ሰጪ 80 በመቶ በሥራ ሲያዝ አማካይ የጥበቃ ጊዜው የአንድን ሰው የአገልግሎት ጊዜ 4 እጥፍ ነው። 90 በመቶ ሲያዝ 9 እጥፍ፣ 95 በመቶ ሲያዝ 19 እጥፍ ይሆናል። ከ90 ወደ 95 የተጨመረችው አምስት ወረፋውን ከእጥፍ በላይ አስረዘመችው። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው አስታማሚ ይህን አያውቅም፤ ሐኪሙ የዘገየበት ይመስለዋል። የሚያሳዝነው፣ ሐኪሙም ራሱ እንደዚያ ማመን ይጀምራል። ሕሙማንን እንደ አስቸኳይነታቸው የሚለየው ትሪያጅ እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም ጫናውን አይቀንሰውም። ኃይል ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው እንደሚለወጥ እንጂ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ በቀይ መስመር ከተሰለፈው የተቀነሰው ጥበቃ በአረንጓዴው ላይ ይጨመራል።

ሰው ሊደርስበት ከሚችለው ማሻሻያ አንዱ የተራ ርክክብ ነው። ተረኛው ሲለወጥ ስለ በሽተኛው የሚተላለፈው መረጃ በቋሚ ቅደም ተከተል እንዲነገር በ9 ሆስፒታሎች በተደረገ ሙከራ፣ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቧል። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም፤ አንድ ወረቀትና ሥልጠና በቂ ነበር።

ስለ አእምሮ የምንለው አጭር ነው፤ ሙያችን አይደለምና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን ከሥራ ቦታ የሚመነጭ ክስተት ብሎ መዘገበው እንጂ የግለሰብ በሽታ አላለውም። ምልክቶቹ ድካም፣ ከበሽተኛው በስሜት መራቅና ሥራዬ ዋጋ የለውም ማለት ናቸው። በአንዳንድ ሆስፒታሎች በሽተኛ ሲሞት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ወደ ቀጣዩ አልጋ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይቆማሉ። ልቅሶ ደርሶ ማስተዛዘን ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ በሲንሲናቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በእኛ አገር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዘርፉ ወጣት ነው፤ ስለዚህ አንድ ባለሙያ ሲጠፋ ክፍተቱ ወዲያው ይታያል። አምስት ሐኪሞች በ80 በመቶ ጫና የሚሠሩበትን ክፍል እናስብ። ከአምስቱ አንዷ ዝላ ሙያውን ብትተው የቀሩት የአራቱ ጫና 100 በመቶ ይሞላል። በኤርላንግ ቀመር መሠረት በዚያ ነጥብ ላይ ወረፋው ወሰን የለውም፤ የሚቀጥለው የሚዝለውም ከአራቱ አንዱ ነው።

ይህን ሙያ የምታስቡ ተማሪዎች ለሥልጠና ስታመለክቱ ስለ ሆስፒታሉ ስምና ስለ መሣሪያው ብቻ አትጠይቁ። ተራው የሚዞረው ከቀን ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ሌሊት ነው ወይስ ወደ ኋላ? (የውስጥ ሰዓታችን ማርፈድን ከመቅደም ይልቅ በቀላሉ ይቀበላል።) አንድ ተረኛ ሌሊት ስንት ሕሙማን ይከታተላል? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ የሚተኛበት አልጋ አለው? መስኮቱ መጋረጃ አለው? ጠዋት ሲወጣስ ማን ያደርሰዋል?