ለምለም ስንዴ የጋጠች ላም መንገድ ላይ ለምን ትወድቃለች?

ከስንዴ ማሳ ዳር የተገዛች የምትታለብ ላም ጤነኛ መስላ መኪና ላይ ትጫናለች። ጉዞው ሳያልቅ ጡንቻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ተንገዳግዳም ትወድቃለች። ጥፋቱ በሾፌሩ ወይም በመርዝ ይሳበባል። አንዱ ምክንያት ግን ከማሳው የመጣ የማግኒዢየም እጥረት ሊሆን ይችላል።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ይዟል፤ ማግኒዢየም ግን የለውም። ስንዴው ናይትሮጅንን ወደ ፕሮቲን የሚለውጠው፣ በቅጠሉ የሠራውን ስኳርም ወደ ሥርና ወደ ፍሬ የሚያደርሰው በማግኒዢየም እርዳታ ነው። ማግኒዢየም ሲጎድል ሥሩ ይደክማል፤ የደከመ ሥር ደግሞ የተጨመረለትን ናይትሮጅን በሙሉ አይስብም። ገበሬው ለዩሪያ ካወጣው ገንዘብ ከፊሉ በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል።

እጥረቱ የሚበዛው አሲዳማና አሸዋማ መሬት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ብዙ አሲዳማ አፈር አለው። ተራ ኖራ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ማግኒዢየም ብዙም አይሰጥም፤ ዶሎማይት ኖራ ግን ሁለቱንም ያደርጋል። ናይትሮጅን የጎደለው ስንዴ የታችኛው ቅጠሉ በሙሉ ይቢጫል። ማግኒዢየም የጎደለው ግን ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ይገረጣል።

ናይትሮጅንና ፖታሲየም የበዛበት ለጋ ቡቃያ ላሟ ማግኒዢየምን በሆዷ እንዳትመጥ ያደርጋል። ላም በአጥንቷ ያለውን ማግኒዢየም በፍጥነት አውጥታ መጠቀም አትችልም፤ በየቀኑ ከመኖ ማግኘት አለባት። ከምታገኘውም በወተቷ ይወጣል። በመኖው ደረቅ ክብደት ውስጥ ማግኒዢየም ከ0.2 በመቶ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል። በአሜሪካ ኦክላሆማና ካንሳስ ከብት በስንዴ ቡቃያ ላይ ስለሚሰማራ በሽታው እዚያ የታወቀ ነው። ረጅም ጉዞ፣ ረሃብና ድንጋጤ ያባብሱታል።

ስለዚህ ነጋዴው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ላሟ የት ስትግጥ እንደቆየች ይጠይቅ። ለምለም ቡቃያ ላይ ከነበረች ከመጫኗ በፊት ጥቂት ቀን ድርቆሽ ትብላ። ፉሩሽካም በማግኒዢየም የበለፀገ ነው። ማግኒዢየም ኦክሳይድ ከተገኘ ለአንድ ትልቅ ላም በቀን 60 ግራም ገደማ ከመኖ ጋር ይደባለቃል። መንገድ ላይም ሳትበላ ብዙ ሰዓት አትቆይ። ከወደቀች የእንስሳት ሐኪም ወዲያውኑ ይጠራ፤ መርፌው ወደ ደም ሥር በፍጥነት ከገባ ልቧን ሊያቆም ስለሚችል ለባለሙያ ይተው።