ኢንሱሊን፦ ለምን አይዋጥም? ለምንስ ከውርጭ ይጠበቃል?

የስኳር ሕመም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የከተማና የውፍረት በሽታ አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጎንደርና ከአካባቢው የታተመ ጥናት ግን በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች በአብዛኛው ቀጫጭንና ድሃ ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖር ታካሚ ደግሞ መድኃኒቱን በደንብ መያዝም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ጤነኛ ሰውነት ኢንሱሊንን እንዴት እንደሚያዘጋጅ እንመልከት።

ኢንሱሊን እንዴት ይዘጋጃል?

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። የሚሠራውም ቆሽት ውስጥ ባሉ ቤታ ሕዋሳት ነው።

• አድራሻ፦ አንድ ሕዋስ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች አንዳንዱ እዚያው ይቀራል፣ ሌላው ወደ ውጭ ይላካል። ወደ ውጭ የሚላከው ጫፉ ላይ እንደ አድራሻ የሚያገለግል ቁራጭ አለው። ጉንተር ብሎበል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህን አሠራር በማወቃቸው ነው።
• ቅርጽ መያዝ፦ አድራሻው ፕሮቲኑን ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባል የሕዋሱ ክፍል ያስገባና ይቆረጣል። ፕሮቲኑ እዚያ ተጣጥፎ ቅርጹን ይይዛል። ቅርጹ የተበላሸው አያልፍም፤ ይፈርሳል።
• መለየትና ማከማቸት፦ ቀጥሎ ጎልጂ የሚባለው ክፍል ለይቶ በጥቃቅን ከረጢቶች ያሽገዋል። በከረጢቱ ውስጥ ሲ-ፔፕታይድ የተባለው ቁራጭ ተቆርጦ ይለያል፤ 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ኢንሱሊን ይቀራል።
• መልቀቅ፦ ከረጢቶቹ እንደ ጎተራ እህል ተከማችተው ይቆያሉ። ከምግብ በኋላ የደም ስኳር ሲጨምር ኢንሱሊኑን ወደ ደም ይለቃሉ።

በዓይነት 1 የስኳር ሕመም የሰውነት መከላከያ ቤታ ሕዋሳትን ያጠፋል። ጎተራው ባዶ ስለሚሆን መርፌው ይተካዋል።

ይህ ለታካሚው ምን ማለት ነው?

• ኢንሱሊን ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ሥጋና እንደ ባቄላ ፕሮቲን ይፈጩታል። ስለዚህ በመርፌ ይሰጣል።
• በረዶ ከሆነ ቅርጹ ይበላሻል፤ ቢቀልጥም አይጠቅምም፣ ይጣል። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ውጭ ወይም መስኮት አጠገብ አያስቀምጡት። ፍሪጅ ካለዎት በረዶ ማስቀመጫው ውስጥ አያስገቡት።
• ሙቀትም ያበላሸዋል። ከምድጃና ከፀሐይ ያርቁት። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። የተከፈተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ሳምንት ያገለግላል፤ የመድኃኒቱን መመሪያ ይከተሉ። ፍሪጅ ከሌለ በውሃ የራሰ የሸክላ ዕቃ ቅዝቃዜ ይሰጣል፤ ብልቃጡ ግን እንዳይረጥብ በላስቲክ ይጠቅልሉት።
• ለጾም፣ ለጠበል ወይም ለመንገድ ብለው መርፌውን አያቋርጡ። ከመጾምዎ በፊት መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ይመካከሩ።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬድ

ኃይለኛ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ከታየ ኢንሱሊን ማነሱን ሊያመለክት ስለሚችል ሳይዘገዩ ይሂዱ። መንቀጥቀጥ፣ ላብና ድንገተኛ ረሃብ ግን ስኳር መውረዱን ያመለክታሉ፤ ታካሚው መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር ወይም ማር ይስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።