«ፖዜሽን» ዳግም ቢሠራ የሚጎዳው ማን ነው?

የ«ስማይል» ዳይሬክተር ፓርከር ፊን ከተዋናዩ ሮበርት ፓቲንሰን ጋር ሆኖ የ1981ዱን «ፖዜሽን» እንደ አዲስ ሊሠራ ማሰቡ በ2024 ሲሰማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፣ ከፊልሙ ወዳጆች ብዙዎቹ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ አይነካ! ቁጣው አዲስ አይደለም። አንድ የተወደደ አስፈሪ ፊልም ዳግም ሊሠራ ነው በተባለ ቁጥር ይኸው ክርክር ይነሳል፤ አዲሱ ፊልም ወጥቶ ሲታይ ይበርዳል፤ ሌላ ርዕስ ሲታወጅ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። የተቆርቋሪዎቹን ቅንነት አልጠራጠርም። ግን ዒላማቸውን የሳቱ ይመስለኛል። በጥቂቶች ፍቅር ብቻ የኖሩ አስፈሪ ፊልሞች ከምን ጉዳት እንደተረፉ ታሪካቸው ሲፈተሽ፣ ተከሳሹ ሌላ ሆኖ ይገኛልና።

የ«ፖዜሽን» ዳይሬክተር አንድዤይ ዡዋፍስኪ ፖላንዳዊ ነበር። በአገሩ ይሠራው የነበረውን ግዙፍ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም በ1977 የባህል ምክትል ሚኒስትሩ አስቆሙት፤ ትዳሩም ፈርሶ ነበር። ይህንን ሁሉ በሆዱ ይዞ ምዕራብ በርሊን ገባና ከግንቡ ሥር የፍቺ ፊልም ሠራ። ሰላዩ ማርክ ከተልዕኮ ሲመለስ ሚስቱ አና ልትፈታው እንደምትፈልግ ትነግረዋለች። ውሽማ እንዳላት ይደርስበታል፤ ቆይቶ ግን ከውሽማው የባሰ ነገር በአንድ ያረጀ አፓርታማ ውስጥ ደብቃ እንደምታኖር ይታወቃል። ያንን ፍጡር የሠራው በኋላ «ኢ.ቲ.»ን የሠራው ካርሎ ራምባልዲ ነው። አናን ሆና የተጫወተችው ኢዛቤል አጃኒም በ1981 በካን ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይት ተብላለች። በ1983 አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃው ግን ይህ ፊልም አልነበረም። አከፋፋዮቹ የ124 ደቂቃውን ሥራ ወደ 80 ደቂቃ ገደማ አወረዱት፤ የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል አዘበራረቁት፤ የትዳሩን ታሪክ ጎምደው ተራ የጭራቅ ፊልም አስመሰሉት። በብሪታንያ ደግሞ ባለሥልጣናት በቪዲዮ ካሴቶች ላይ ዘመቻ ሲከፍቱ ከተፈረጁት ርዕሶች አንዱ ሆነ። እንግዲህ «ፖዜሽን»ን በእርግጥ የጎዱት መቀስ የያዘ ነጋዴና ዝርዝር የያዘ ሹም ናቸው።

በዚህ ብቻውን አይደለም። የ1973ቱ የብሪታንያ ፊልም «ዘ ዊከር ማን» ለሌላ ፊልም ማሟያ ሆኖ እንዲታይ የገዛ ኩባንያው ቆራረጠው፤ ዋናው ኔጋቲቭም ጠፋ። ከተገኘው ቅጂ ተለቃቅሞ የተጠገነው በ2013 ነው። በመካከሉ በ2006 ኒኮላስ ኬጅ የተወነበት ዳግም ሥራ ወጥቷል፤ ኬጅ የድብ ልብስ እንደለበሰ ሴት በቡጢ የሚመታበት ፊልም ነው። እስከ ዛሬ ይሳቅበታል፤ ሳቁ ግን የ1973ቱን አንድ ፍሬም አልነካም። የ1922ቱ «ኖስፌራቱ» ደግሞ ከዚህም የከፋ ነገር ገጥሞታል። የ«ድራኩላ» ደራሲ ባለቤት የባሏ ታሪክ ያለፈቃድ ተወስዷል ብላ ከስሳ፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አዘዘ። የተረፈው ቅጂዎቹ በየቦታው ተበትነው ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ሄርዞግ በ1979፣ ኤገርስ በ2024 ዳግም ሠርተውታል፤ የ1922ቱ የሙርናው ድምፅ አልባ ፊልምም ዛሬም ይታያል።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ ይህ ፊልም ከአንድ ሰው ቁስል የወጣ ነውና ሌላው ሊሠራው አይችልም። ይህን ለሚሉት ዋና ማስረጃቸው የመሿለኪያው ትዕይንት ነው። አና የሸቀጥ ቦርሳ አንጠልጥላ ባዶ የምድር ውስጥ ባቡር መተላለፊያ ውስጥ ትሄዳለች። ትስቃለች። ከዚያ ቦርሳውን ከግድግዳው ጋር ታላትመዋለች፤ ወተቱና እንቁላሉ ይፈሳል፤ እየጮኸች ትሽከረከራለች፣ ትወድቃለች፣ ገላዋ አልታዘዝ ብሎ ይንዘፈዘፋል፣ በመጨረሻም ተንበርክካ ደምና ነጭ ፈሳሽ ይወርዳታል። ካሜራው ፊቱን አያዞርም። አጃኒ ከዚህ ሚና ለማገገም ዓመታት እንደፈጀባት ተናግራለች። እውነት ነው፣ ይህ አይደገምም። መደገምም የለበትም። ፊን ይህንኑ መሿለኪያ በሌላ ተዋናይት ሊቀዳ ከሞከረ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው፤ ገስ ቫን ሳንት በ1998 የሂችኮክን «ሳይኮ» ትዕይንት በትዕይንት ገልብጦ ያተረፈው ነገር ቢኖር መገልበጥ ከንቱ መሆኑን ማሳየት ነው።

ዳግም ሥራ ግን ቅጂ የመሆን ግዴታ የለበትም። የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» (1982) በ1951 ከተሠራ ፊልም በኋላ የመጣ ነው። የሁለቱም ምንጭ የሆነው የጆን ካምቤል የ1938 ልቦለድ የማንንም ሰው መልክ ስለሚይዝ ፍጡር ይተርካል፤ የ1951ዱ ፊልም ይህንን ትቶ ጭራቁን በሁለት እግሩ የሚሄድ ግዙፍ ሰው አስመሰለው። ካርፔንተር የተጣለውን ሐሳብ አንስቶ፣ ሰው ጓደኛውን የማያምንበት ፊልም ሠራበት። በወቅቱ ብዙ ሐያሲዎች አብጠለጠሉት፤ ዛሬ ወዳጆቹ የማይነካ ክላሲክ ይሉታል። እሱ ራሱ ዳግም ሥራ መሆኑን ግን ብዙም አያነሱትም። የአርጀንቶ «ሱስፒሪያ» (1977) በቀይና ሰማያዊ ብርሃን የደመቀ ነበር፤ ጓዳኚኖ በ2018 ቀለሙን አደብዝዞ ታሪኩን በርሊን፣ ከዚያው ከዡዋፍስኪ ግንብ አጠገብ አደረገው። አርጀንቶ እንዳልወደደው በይፋ ተናግሯል፤ መብቱ ነው። ሁለቱም ፊልሞች ግን አሉ፤ ተመልካቹም ይመርጣል። ቴአትር ላይማ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ጸጋዬ ገብረመድኅን «ኦቴሎ»ን በአማርኛ ሲያመጣው ሼክስፒር ተነካ ብሎ ያዘነ አልነበረም።

ሁሉም ለገንዘብ ነው የሚለው ወቀሳ ይቀራል። አዎ፣ ለገንዘብ ነው። 17 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ200 ሚሊዮን በላይ ያስገባውን «ስማይል»ን የሠራ ሰው የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ የታወቀ ርዕስም ከአዲስ ርዕስ ይልቅ ይሸጣል። ግን ገንዘብ የ1981ዱንም ፊልም የቆረጠ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በሌላ መንገድ ሊመልሰው ይችላል፤ ስሙ ሲነሳ የሚፈልገው ሰው ይበዛልና። ዡዋፍስኪ በ2016 ስላረፈ ፈቃዱን መጠየቅ አይቻልም። የፊልሙ ወዳጆች ጉልበታቸውን «አይሠራ» ለማለት ከሚያባክኑት፣ የድሮውን ፊልም መብት የያዙትን ቢወተውቱበት ይሻላል፦ አዲሱ በሚከፈትበት ሳምንት የድሮውም ሲኒማ ቤት ይግባ፤ ሲገባም 124ቱ ደቂቃ ሳይጎድል።