የእንሰት አጠውልግ በቢላዋ ይተላለፋል

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ባለው ገጠር ጓሮው እንሰት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ጉራጌው «አሰት» ይለዋል። ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ይበላል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉን ላም ትበላዋለች። ለመድረስ ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ እግር እንሰት ሲጠወልግ የቤተሰቡ የብዙ ዓመት ድካም አብሮ ይጠወልጋል።

አጠውልግ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከቡዳ ወይም ከእርግማን አይደለም። የምታመጣው በዓይን የማትታይ ባክቴሪያ ናት። ይህንንም ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ የአገራችን ተመራማሪ ከብራድበሪ ጋር ሆነው በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል።

ምልክቱ ምንድን ነው? መጀመሪያ መሃል ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፤ ጫፉም ይታጠፋል። ስትቆርጡት ቢጫ የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ያቺ ፈሳሽ ናት ጠላቷ! ቢላዋው ላይ ከቀረች ቀጥሎ የሚቆረጠውን ጤነኛ እንሰት ትይዘዋለች። ቢላዋ የተዋሰ ጎረቤት በሽታውንም ተዋሰ ማለት ነው። መቼም ጎረቤትን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ቢላዋውን እሳት ላይ አግሎ መስጠት ግን ይቻላል።

በሽታው ከያዘው በኋላ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ ከጓሮው ራቅ አድርጋችሁ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ቅጠሉን ለላም አትስጡ። ፍልፈልና ጃርትም ሥሩን እየበሉ በሽታውን ያዛምታሉና ተከላከሏቸው። ችግኝ ስትወስዱ በሽታ ካልገባበት ጓሮ ይሁን። ዶማውንም እንደ ቢላዋው አግሉት።